ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች የአካል አቅም የሚመዘንበት መንገድ

የሳንባ ሕመም ጕልቶ የሚታወቀው ሰው ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን ተነሥቶ ሲራመድ ነው። በወንበር ላይ ዐርፎ ሲጫወት ከጤነኛ የማይለየው ሰው፥ ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ወይም ከገበያ እህል ተሸክሞ ሲመለስ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከመንገድ ዳር ቆሞ እስኪያርፍ ድረስም አንዲት ቃል መናገር ይሳነዋል። ስለዚህ የሳንባ ሕመምተኛን ኑሮ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሐኪም፥ ደረቱን ከማዳመጥና ትንፋሹን በመሣሪያ ከመለካት ሌላ፥ ሕመምተኛው ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል መመርመር ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ የሐኪም ቤት ሥራ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከሐኪም ቤት ውጭም ብዙ ነገር በእርሱ ላይ ይመሠረታል። አንድ ሠራተኛ ከከባድ ሥራ ወደ ቀላል ሥራ ልዛወር ብሎ ሲያመለክት፥ ወይም አንዲት እናት ውኃ መቅዳት አቃተኝ ስትል፥ ነገሩን የሚመለከተው ሹም ወይም ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው በዓይኑ ነው። በዓይን የሚሰጥ ፍርድ ደግሞ በሁለት ወገን ይሳሳታል። በአንድ ወገን፥ ሰውነቱ ያልከሳ ሕመምተኛ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ይገደዳል። በሌላው ወገን፥ ሲያስል የታየ ሰው «ከእንግዲህ ለምንም አይረባም» ተብሎ፥ ገና ብዙ መሥራት ሲችል ከቤት እንዲውል ይደረጋል። ከሁለቱም ስሕተት የሚያድነው መለኪያ ነው። መለኪያውም፥ ከዚህ በታች እንደሚብራራው፥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሠላሳ ሜትር የተስተካከለ መሬት፥ ወንበር፥ ሰዓት፥ ትንሽ የጣት መሣሪያና ሥራውን የተማረ አንድ ባለሙያ ካሉ ይበቃል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሥር የሰደዱ የሳንባ በሽታዎች

ሥር የሰደደ የሚባለው የሳንባ በሽታ በጥቂት ቀን ሕክምና የማይለቅ፥ ለዓመታት ከሰው ጋር የሚኖር ነው። ከእነዚህ ዋነኛው የአየር ቧንቧዎችን እያጠበበ የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች የሚያጠፋው በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 ይህ በሽታ ብቻ 3.23 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል። መነሻው በብዙ አገር ትምባሆ ማጤስ ሲሆን፥ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት እያነደዱ የሚኖሩ እናቶችም ሲጋራ በአፋቸው ሳይገባ በዚሁ በሽታ ይያዛሉ። አቧራና የፋብሪካ ብናኝም ከምክንያቶቹ ይቈጠራሉ።

ከዚህም ሌላ አስም፥ የአየር ቧንቧ መስፋትና የሳንባ ጠባሳ ይገኛሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ተለይቶ ሊነገር የሚገባው ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ የሚቀረው ጕዳት ነው። መድኃኒቱን በሚገባ ፈጽሞ ከተሐዋስያኑ የነጻ ሰው እንኳ በሳንባው ላይ ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው «ድነሃል» ተብሎ ከተሰናበተ በኋላ ትንፋሹ ሲያጥር፥ ቤተ ሰቡ በሽታው ተመለሰበት ብሎ ይርቀዋል፤ አሠሪው ደግሞ ያስመስላል ብሎ ይጠረጥረዋል። አክታው ተመርምሮ ነቀርሳው እንዳልተመለሰ ከተረጋገጠ በኋላ፥ የቀረውን ጕዳት የሚያሳየው የአቅም ምርመራ ነው።

ትንፋሽን መለካት ብቻ ስለምን አይበቃም

ስፒሮሜትር የሚባለውን የትንፋሽ መለኪያ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ሞክሮ በ1846 አስታወቀ። ዛሬ በዚህ መሣሪያ በተለይ የሚለካው፥ አንድ ሰው ሳንባውን በአየር ከሞላ በኋላ በሙሉ ኃይሉ ሲያወጣ በመጀመሪያዪቱ ሴኮንድ የሚወጣው የአየር መጠን ነው። ይህ ቍጥር ቧንቧዎቹ ምን ያህል እንደ ጠበቡ በሚገባ ያስረዳል፤ ሰውየው ምን ያህል መሄድ እንደሚችል ግን አያስረዳም። የትንፋሽ ቍጥራቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለት ሕመምተኞች አንዱ እርሻው ደርሶ ሲመለስ፥ ሌላው የገዛ ግቢውን ማቋረጥ ሲያቅተው ይታያል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ሦስቱ ዋነኞች ናቸው።

አንደኛው የአየር መታሰር ነው። ቧንቧው የጠበበ ሰው አየርን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣት ይከብደዋል፤ ለማስወጣትም ጊዜ ይፈልጋል። ዐርፎ ሲቀመጥ ጊዜው ይበቃዋል። ሲራመድ ግን አተነፋፈሱ ስለሚፈጥን የገባው አየር ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። እንዲህ እየተጠራቀመ ደረቱ እንደ ተወጠረ አቍማዳ ይሆንና አዲስ አየር የሚገባበት ስፍራ ያጣል።

ሁለተኛው የኦክሲጂን መውረድ ነው። የሳንባ ከረጢቶች ሲጠፉ ወይም ጠባሳ ሲይዛቸው፥ በዚያ የሚያልፈው ደም በቂ ኦክሲጂን አይቀበልም። በዕረፍት ጊዜ መጠኑ ደኅና ሆኖ የተገኘ ሰው በእርምጃ ጊዜ ብዙ ሊወርድበት ይችላል። ተቀምጦ ብቻ የተመረመረ እንደ ሆነ ይህ አደጋ ሳይታይ ያልፋል።

ሦስተኛው የእግር ጡንቻ መድከም ነው። ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ጭንቀቱን ስለሚፈራ መንቀሳቀስ ይተዋል፤ ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል፤ የመነመነ ጡንቻም ለጥቂት ሥራ ቶሎ አሲድ ያመርታል፤ ያንን ለማስወገድ ሳንባው ከቀድሞው አብልጦ እንዲሠራ ይገደዳል። በዚህም የትንፋሹ ማጠር ይብስና ሰውየው ጭራሽ ይቀመጣል። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹን በምርመራ ጊዜ የሚያስቆማቸው ትንፋሽ ሳይሆን የእግር ዝለት መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን ከሦስቱ ምክንያቶች ተስፋ ያለው ይኸው የመጨረሻው ነው። የጠፋ የሳንባ ከረጢት አይመለስም፤ የደከመ ጡንቻ ግን ይመለሳል። ስለዚህ የአቅም ምርመራ የሚደረገው ሕመምተኛውን «አትችልም» ለማለት ሳይሆን፥ ምን ያህል እንደሚችልና ከዚያ በላይ ምን ሊጨመርለት እንደሚቻል ለማወቅ ነው።

በመጀመሪያ መጠየቅ

ምርመራው የሚጀመረው በጥያቄ ነው። ሐኪሙ ቻርልስ ፍሌቸር በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችን የሳንባ ሕመም ሲያጠና የትንፋሽ ማጠርን በደረጃ የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጀ። በ1950ዎቹ ዓመታት በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስም የታወቀው ይህ መጠይቅ፥ ጥቂት ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራበታል። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው።

0 — ከብርቱ ሥራ በቀር ትንፋሽ የማያጥረው፤
1 — በተስተካከለ መሬት ሲፈጥን ወይም አነስተኛ ዐቀበት ሲወጣ የሚያጥረው፤
2 — በተስተካከለ መሬት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀር፥ ወይም በገዛ እርምጃው ሲሄድ እንኳ ለመተንፈስ የሚቆም፤
3 — 100 ሜትር ያህል ወይም ጥቂት ደቂቃ ተጕዞ ለመተንፈስ የሚቆም፤
4 — ትንፋሹ ከቤት መውጣት የሚከለክለው፥ ልብስ ሲለብስና ሲያወልቅ እንኳ የሚያጥረው።

ጥያቄው ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም። ሕመምተኛው ሳያውቀው ኑሮውን እያጠበበ ይሄዳልና። ቀድሞ በእግሩ ይሄድበት የነበረውን ገበያ ለልጁ ይተዋል፤ ቀጥሎ የጎረቤት ለቅሶ መድረስ ይተዋል፤ ከዚያም «ትንፋሽዎ ያጥራል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ውሸቱ አይደለም፤ ትንፋሹ የሚያጥርበት ስፍራ መሄድ ስለ ተወ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን በሽታውን የደበቀው ከራሱም ጭምር ነው። ስለዚህ ከጥያቄው ቀጥሎ ማስኬድና ማየት ያስፈልጋል።

የስድስት ደቂቃ የእግር ጕዞ ምርመራ

በ1968 የአሜሪካ የአየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር የጤነኛ ወታደሮችን አቅም ለመለካት በ12 ደቂቃ የሚሮጡትን ርቀት መመዘኛ ማድረጉን አሳተመ። በ1976 ማክጋቪንና ባልደረቦቹ በብሪታንያ ይህንኑ ሐሳብ ወስደው ሩጫውን በእርምጃ በመለወጥ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት። ምርመራው ጠቃሚ ሆኖ ቢገኝም 12 ደቂቃ ለብርቱ ሕመምተኛ አድካሚ ነበር። በ1982 በትላንድና ባልደረቦቹ የ2፥ የ6 እና የ12 ደቂቃ ጕዞን አስተያይተው፥ የስድስት ደቂቃው ሳያዳክም በቂ ማስረጃ እንደሚሰጥ አሳዩ። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2002 የአፈጻጸሙን መመሪያ አወጣ፤ በ2014ም ከአውሮፓው የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ማኅበር ጋር ሆኖ አሻሻለው። አፈጻጸሙ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ስፍራው። ሰው የማይበዛበት፥ የተስተካከለና የማያንሸራትት፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ ይመረጣል። ሁለቱ ጫፎች በጕልህ ምልክት ይለያሉ፤ መካከሉም በየ3 ሜትሩ በቀለም ወይም በጠመኔ ይሠመራል። መተላለፊያው ያጠረ እንደ ሆነ ሕመምተኛው በብዛት ስለሚዞር ርቀቱ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ መመርመር አለበት።

2ኛ/ ዝግጅቱ። ሕመምተኛው ምቹ ልብስና ጫማ ያደርጋል፤ ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ሰዓቶች ብርቱ ሥራ አይሠራም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እንደ ወትሮው ይወስዳል። በትር ይዞ የሚሄድ በትሩን ይይዛል። ከመነሣቱ በፊት 10 ደቂቃ ያህል በወንበር ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ የደም ግፊቱ፥ የልቡ ትርታና የኦክሲጂኑ መጠን ይመዘገባል። የትንፋሹንና የእግሩን ድካምም ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጉናር ቦርግ ባዘጋጀው፥ ከ0 እስከ 10 በሚቈጥር ሠንጠረዥ ላይ በጣቱ ያመለክታል። 0 ምንም ድካም የለም ማለት ነው፤ 10 ከሁሉ የከፋው ነው።

3ኛ/ ትእዛዙ። ለሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ይነገራል። ይኸውም፦ «በስድስት ደቂቃ የሚችሉትን ያህል ርቀት ይሂዱ፤ አይሩጡ። ከደከሙ ቀስ ይበሉ፤ ቆመው ማረፍም ይችላሉ፤ ሲሻልዎ ግን ጕዞዎን ይቀጥሉ» የሚል ነው። ሲቆም ሰዓቱ አይቆምም።

4ኛ/ በጕዞው ጊዜ። መርማሪው ከሕመምተኛው ጎን ወይም ከፊት እየሄደ እርምጃውን መምራት የለበትም፤ ሰው አብሮት ከሚሄድ ጋር እኩል መራመድ ይወዳልና ልኩ ይዛባል። በየደቂቃው መጨረሻ «ደኅና ነው አባባ፥ አምስት ደቂቃ ቀርቶዎታል» እንደሚለው ያለ አጭርና የተወሰነ ቃል ብቻ ይናገራል። አንዱን ሕመምተኛ በጩኸት አበረታቶ ሌላውን ዝም ብሎ ማየት ሁለቱን በልዩ ልዩ ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

5ኛ/ ፍጻሜው። ስድስተኛው ደቂቃ ሲሞላ ሕመምተኛው ባለበት ይቆማል፤ ወንበር ይቀርብለታል። የሄደው ርቀት፥ ያረፈበት ጊዜ ብዛት፥ በመንገድ የታየው ዝቅተኛ የኦክሲጂን መጠን፥ የልቡ ትርታና የድካሙ ቍጥር ይጻፋል።

6ኛ/ ድጋሚው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ምርመራው አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ከሁለቱም የበለጠው ርቀት ይመዘገባል። ሕመምተኛው መንገዱን ስለ ለመደ ብቻ በሁለተኛው ጊዜ በአማካይ 26 ሜትር ያህል እንደሚጨምር ታውቋል። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደ ሆነ፥ ከወራት በኋላ የሚታየው ጭማሪ ከሕክምናው ይሁን ከልምድ አይለይም።

የማይፈጸምበትና የሚቋረጥበት ጊዜ

ምርመራው ቀላል ቢሆንም ያለ ጥንቃቄ አይደረግም። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የልብ ድካም ድንገት የመታው ወይም በዕረፍት ጊዜ የደረት ሕመም የሚይዘው ሰው አይመረመርም። በዕረፍት ሳለ የልቡ ትርታ በደቂቃ ከ120 በላይ የሆነ፥ ወይም የደም ግፊቱ ከ180 በ100 የበለጠ ሰው፥ አስቀድሞ ሐኪም ሳያየው መሄድ የለበትም። የሚያስልና አክታው ያልተመረመረ ሰውም በመጀመሪያ ለነቀርሳ ይመረመር።

በጕዞ ላይ ሳለ ደረቱን ያመመው፥ የተንገዳገደ፥ ፊቱ የገረጣ፥ ላብ ያጠመቀው ወይም ትንፋሹ የማይቻል የሆነበት ሰው ወዲያው እንዲቀመጥ ይደረጋል። የኦክሲጂኑ መጠን ከ80 በመቶ በታች ሲወርድም ጕዞው ይቆማል። ስለዚህ የኦክሲጂን ዕቃና አስቸኳይ መድኃኒት በአጠገብ መገኘት፥ ሐኪምም በቅርብ መጠራት የሚችል መሆን አለበት።

ቍጥሩ እንዴት ይነበባል

ለምሳሌ ያህል አንድ የ60 ዓመት ሰው በመጀመሪያው ጕዞ 322 ሜትር፥ በሁለተኛው ደግሞ 30 ሜትሩን መተላለፊያ 11 ጊዜ አቋርጦ 18 ሜትር ጨመረ እንበል። 11 ጊዜ 30 ሜትር 330 ነው፤ 18 ሲጨመር 348 ሜትር ይሆናል። የሚመዘገበው ይህ ነው።

ጤነኛ ጐልማሶች በዚህ ምርመራ ከ400 እስከ 700 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ ከዕድሜ፥ ከቁመት፥ ከክብደትና ከጾታ የሚመጣ ነው። የአየር ቧንቧ መጥበብ ባለባቸው ሕመምተኞች ዘንድ ከ350 ሜትር በታች የሚሄዱት ለብርቱ አደጋ የቀረቡ ሆነው ተገኝተዋል። በ2004 ሴሊና ባልደረቦቹ ባሳተሙት መመዘኛ፥ የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ፥ የቧንቧ መጥበብ፥ የትንፋሽ ማጠር ደረጃና የስድስት ደቂቃው ርቀት አንድ ላይ ሲደመሩ፥ የሕመምተኛውን የወደፊት ዕድል የትንፋሽ ቍጥር ብቻውን ከሚናገረው በተሻለ ያስረዳሉ።

ሁለት ምርመራዎች በተለያየ ወራት ተደርገው ሲነጻጸሩ፥ 30 ሜትር ያህል ልዩነት ከታየ ሕመምተኛው በእርግጥ ተሻሽሏል ወይም ደክሟል ለማለት ይቻላል። ከዚያ ያነሰው ልዩነት ከአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል።

በእኛ ደጋና ቈላ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ያላቸው ከተሞች ናቸው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ የተደረገን ምርመራ በደጋ ከተደረገው ጋር ያለ ጥንቃቄ ማስተያየት አይገባም። በቈላ ደኅና ይራመድ የነበረ ሕመምተኛ ወደ ደጋ ሲዛወር ቢደክም ሥራ ጠልቶ ነው አይባልም። በምርመራው ወረቀት ላይ የስፍራው ስም መጻፍ ያለበትም ስለዚህ ነው።

ኦክሲጂን የሚለካው የጣት መሣሪያም ስሕተት እንዳለበት ማወቅ ይገባል። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያሳይ፥ በቀጥታ ከደም ሥር ተቀድቶ በተደረገው ምርመራ እውነተኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ ሲሆን በጥቁሮች 11.7 በመቶ ነበር። እንግዲህ ቆዳው ጥቁር የሆነ ሕመምተኛ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መሣሪያው «ደኅና ነው» ቢል፥ መሣሪያውን ብቻ ማመን አይገባም። ጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ ያለበትና የቀዘቀዘ ጣትም ልኩን ሊያውክ ስለሚችል፥ ያልተቀባና የሞቀ ጣት ይመረጣል።

ሌሎች መመዘኛዎች

በ1992 ሳሊ ሲንግና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ያወጡት የምልልስ ጕዞ ምርመራ 10 ሜትር ስፍራ ብቻ ይፈልጋል። ሕመምተኛው ከመቅረጫ በሚሰማ ድምፅ እየተመራ በሁለት ምልክቶች መካከል ይመላለሳል። እርምጃው በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ከሚሆን ዝግታ ተነሥቶ በየደቂቃው ይፈጥናል፤ ከድምፁ ጋር መድረስ ሲያቅተው ምርመራው ያበቃል። ፍጥነቱን የሚወስነው ድምፁ እንጂ ሰውየው ስላልሆነ፥ የአቅሙን ጫፍ ለማወቅ ይጠቅማል።

ስፍራ ከጠበበ ደግሞ ክንድ ማስደገፊያ የሌለው፥ ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወንበር ከግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሕመምተኛው እጁን ሳይመረኰዝ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደሚቀመጥ ይቈጠራል። ይህ በተለይ የእግርን ኃይል ያሳያል።

ከሁሉ የረቀቀው በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚደረገው ነው። ሕመምተኛው በቆመ ብስክሌት ላይ ጭንብል አድርጎ ይነዳል፤ የሚያስገባው ኦክሲጂንና የሚያወጣው የተቃጠለ አየር በየትንፋሹ ይለካል፤ የልቡም ሥራ አብሮ ይመዘገባል። ድካሙ ከሳንባ፥ ከልብ ወይስ ከጡንቻ እንደ ሆነ የሚለየው ይህ ነው። የሳንባ ቀዶ ሕክምና ለታሰበለት ሰውም ይጠቅማል፤ በብርቱ ሥራ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በደቂቃ ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ኦክሲጂን የሚጠቀም ሰው ቀዶ ሕክምናውን ይችላል ተብሎ ሲገመት፥ ከ10 በታች የሆነ ግን ለብርቱ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ከምርመራው በኋላ የሚደረገው

ለብዙ ዘመን የሳንባ ሕመምተኛ እንዲተኛና እንዲያርፍ ይመከር ነበር። በ1952 የኒውዮርኩ ሐኪም አልቫን ባራክና ባልደረቦቹ፥ ሕመምተኞች በመጠኑ እንዲራመዱ ሲደረግ አቅማቸው እንደሚሻሻል ጻፉ። ሐሳቡ ወዲያው ተቀባይነት ባያገኝም በኋላ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። በ2015 በኮክሬን ድርጅት በኩል የታተመው ክለሳ 65 ጥናቶችንና 3,822 ሕመምተኞችን አስተያይቶ፥ የአካል ማጠንከሪያ ሥልጠና ያገኙት በስድስት ደቂቃው ጕዞ ካላገኙት በአማካይ 44 ሜትር ያህል እንደሚበልጡ አሳይቷል። ይህም ከላይ ከተነገረው 30 ሜትር በላይ ስለ ሆነ እውነተኛ መሻሻል ነው።

የምሥራቅ አፍሪካም ምሳሌ አለ። በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ከነቀርሳ በኋላ የሳንባ ጕዳት ለቀረባቸው ሰዎች ለ6 ሳምንት ሥልጠና ተሰጥቶ ውጤቱ በ2017 ታትሟል። በምልልስ ጕዞ ምርመራ የሄዱት ርቀት በአማካይ ከ300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 375 ሜትር ገደማ ደርሷል። የእነዚህ ሰዎች ጠባሳ አልጠፋም፤ አቅማቸው ግን ተመልሷል።

ሥልጠናው የሚጀመረው ከምርመራው ቍጥር ነው። ከላይ የጠቀስነው ሰው በ6 ደቂቃ 348 ሜትር ስለ ሄደ አማካይ እርምጃው በደቂቃ 58 ሜትር ነው። ለመለማመጃ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የዚህ 80 በመቶ ያህል ነው፤ ይኸውም በደቂቃ 46 ሜትር፥ በ10 ደቂቃ 460 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው «ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ» ተብሎ በደፈናው አይሰናበትም፤ ምን ያህል፥ በምን ፍጥነትና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሄድ በቍጥር ይነገረዋል። በጕዞው ጊዜ ኦክሲጂኑ የወረደ እንደ ሆነም ሐኪሙ በዚያው መጠን ይጠነቀቅለታል።

የሹማምንትና የከተማው ሕዝብ ድርሻ

በሥራ አመዳደብ ላይ የሚወስን ሹም፥ የሳንባ ሕመምተኛ ጉዳይ ሲቀርብለት፥ ከትንፋሽ ልኩ ጋር የእርምጃ ምርመራው ውጤት ተያይዞ እንዲመጣለት ሐኪሙን ቢጠይቅ ፍርዱ የቀና ይሆናል። ይሁን እንጂ ርቀቱ ብቻውን የሰውን መብት የሚቈርጥ መሆን የለበትም፤ ከሐኪሙ ሐሳብና ከሥራው ጠባይ ጋር ተመዛዝኖ ይታይ። 348 ሜትር የሄደ ሰው ጭነት ተሸካሚ ሊሆን ባይችልም፥ መዝገብ ለመያዝ ወይም በር ለመጠበቅ የሚከለክለው ነገር ላይኖር ይችላል። ሌላው ቀላል ነገር የቢሮው አቀማመጥ ነው። አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል በላይኛው ፎቅ የሆነ እንደ ሆነ፥ ደረጃ 3 ላይ የሚገኘው ሕመምተኛ ከደጅ ይመለሳል፤ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ ግን ጉዳዩን ራሱ ያስፈጽማል።

አዲስ ጤና ጣቢያ ሲሠራም በዕቅዱ ላይ 30 ሜትር ቀጥ ያለ ጥላ ያለው መተላለፊያ እንዲገባ ማሰብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከተሠራ በኋላ መጨመር ግን ያስቸግራል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ፍቅር ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ልጆች አባታቸው ሲደክም አይተው «እርስዎ አይነሡ» እያሉ ውኃውን፥ ጫማውን፥ ምግቡን ካቀረቡለት፥ ያ የደከመ ጡንቻ ጨርሶ ይሞታል። ሐኪም መርምሮ የሄደበትን ልክ ከነገረ፥ ቤተ ሰቡ ሊያደርግ የሚገባው አብሮት መውጣት፥ ሲቆም መቆም፥ ትንፋሹ ሲመለስ እንዲቀጥል መጠበቅ ነው። ማድ ቤቱንም ጭስ የሚወጣበት መስኮት ማበጀት፥ ትምባሆም ካለ ማስተው የሁሉ ቀዳሚ ነው። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከተደረገ በኋላ ሕመምተኛው ወደዚያው መተላለፊያ ተመልሶ ይሂድ፤ የተጨመረው ሜትር በወረቀቱ ላይ ሲጻፍ፥ ድካሙ ከንቱ እንዳልነበረ እርሱም ቤተ ሰቡም በዓይናቸው ያያሉ።